ማረሻ ያልገባባቸው የጣና ደኖች

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ በኮሶበር፣ በዳንግላና በመራዊ በኩል ባሕር ዳር የደረሰ መንገደኛ በጀልባ ወደ ጣና ሲዘልቅ ቀድሞ የሚያየው የደሴቶቹን ደን ነው። በሐይቁ ላይ 37 ያህል ደሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹም የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ሥፍራ ናቸው። ጣና በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጥበቃው ግን ከምዝገባው በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ለአራሽ ሰው የሚያስገርመው ደቅንና ዳጋን ጎን ለጎን ማየት ነው። ትልቁ ደሴት ደቅ ሕዝብ የሰፈረበት እርሻ ነው። ከአጠገቡ ያለው የዳጋ እስጢፋኖስ ኮረብታ ደግሞ ከግርጌው እስከ ጫፉ ደን ለብሷል። ልዩነቱን ያመጣው የገዳሙ ሥርዓት እንጂ አፈሩ ወይም ዝናቡ አይደለም። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬትም በአቡነ በትረ ማርያም እንደተደነገገ በሚነገረው ክልከላ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ሆኖ ኖሯል። ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እያለማ ይተዳደራል፤ በሬ የማይጠምድ የጎጃም ገበሬ ማለት ነው።

ጎብኚው በማለዳ ቢነሣ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ያስነሣል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ በደቅም ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው። በዳርቻው ፔሊካን፣ ዓሣ በሊታ ንስርና አርጃኖ ይታያሉ። ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስለሚኖር ጀልባውን ማራቅ ይገባል። በበጋ ደግሞ ክሬን የተባሉት ረጃጅም ወፎች ከአውሮፓ መጥተው አዝመራው በተሰበሰበበት ማሳ ላይ የወደቀውን እህል ይለቅማሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ግን ከውኃው በታች ነው። ነጭ አሳ ከሚባለው ወገን 15 ዓይነት ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነዚህ በርካታዎቹ በክረምት ወንዝ ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ጉዳዩ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ቅርብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ብርና ፈጠም በቀጥታ ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል ዐባይ ግን ከጣና ገባሮች ሁሉ ትልቁ ነው። እርከን ካልተሠራለት ማሳ የታጠበው አፈር ጠጠሩን ይሸፍነዋል፤ አብሮት የሚሄደው ማዳበሪያም እምቦጭን ይመግባል። ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ቦታ ደለሉ ወደ ውስጥ የገባ መሬት ሠርቷል፤ በሐምሌ በዚያ የሚያልፍ ሰው የሰከላን አፈር ቀለም በውኃው ላይ ያየዋል።