የመኪና መዝጋን ሲበላሽ ራስ በራስ መጠገን ያዋጣል ወይ?

ሐምሌና ነሐሴ በአገር ቤት የዝናብና የጭቃ ወራት ነበሩ። እዚህ ግን ሙቀቱ የሚበረታባቸው ናቸው። በያቭኔ፣ በገዴራና በኪርያት ማላኺ ደግሞ ባሕሩ ሩቅ ስላልሆነ ወበቁ ይጨመርበታል። አዛውንት ወላጅ ወይም ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ሰው የመኪና መዝጋን ቅንጦት አይደለም። ሲበላሽ ታዲያ «ጋራዥ ገብቼ ከምከስር ራሴ ብሠራውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል።

እኔም ለሶሻል ወርከርነት ሥራዬ በእነዚህ ከተሞች መካከል ስመላለስ ችግሩ ደርሶብኛል። ሁለት በጋ በተከታታይ «ጋዝ አልቋል» ተብዬ ከፍዬ አስሞላሁ። በሦስተኛው ዓመት ሌላ ባለሙያ ሲመረምረው የሚያፈሰው አንድ የቱቦ መጋጠሚያ ጎማ ሆኖ ተገኘ። ጎማው ርካሽ ነበር፤ ውድ የሆነብኝ ሁለት ጊዜ በከንቱ የሞላሁት ጋዝ ነው።

ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስወጥቶ ፈሳሽ ያደርገዋል፤ ፈሳሹ ከዳሽቦርዱ ኋላ ሲተን አየሩን ያቀዘቅዛል። በብዙ ዓመታት ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። በየበጋው ከጎደለ ግን የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው።

በቤት ሊደረጉ የሚችሉት እነዚህ ናቸው፦

1. የመዝጋኑን የአየር ፊልተር መቀየር። ነፋሱ ደካማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው።
2. ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ በኮንደንሰሩ ላይ የተጠራቀመውን አቧራና ቅጠል በቀስታ በውሃ ማጠብ።
3. ፊውዙን ማየት።
4. ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጅንና ልብስን ከቺንጋው አርቆ፣ ማራገቢያው መዞሩን መመልከት። መኪናው ሲሄድ እየቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ ማራገቢያውን ጠርጥሩ።

ከመኪናው ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ንጹሕ ውሃ ግን ብልሽት አይደለም፤ ከአየሩ የወጣ እርጥበት ነው።

በቤት የማይነካው ጋዙና ቱቦው ነው። በብዙ መኪናዎች ያለው አር 134ኤ የተባለው ጋዝ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ የሚፈላ ስለሆነ፣ ዓይን ወይም እጅ ላይ ከፈሰሰ በብርድ ያቃጥላል። ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ በሙቀት ቀን ግፊቱ ከጎማ ነፋስ እጥፍ ይበልጣል። ሲሞላም በግምት አይደለም፤ አስቀድሞ አየሩና እርጥበቱ በማሽን ተስቦ ይወጣል፤ ከዚያ መኪናው የሚፈልገው ግራም ተመዝኖ ይገባል። ከልክ በላይ የገባ ጋዝ ኮምፕረሰሩን ይጎዳል። አዳዲስ መኪናዎች ሌላ ዓይነት ጋዝ ስላላቸው አይቀላቀልም። የማብሰያ ጋዝ የመሰለ ተቀጣጣይ ነገር መሙላትማ ከእሳት ጋር መጫወት ነው። ሃይብሪድ መኪና ከሆነ ኮምፕረሰሩ ሕይወት በሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ኃይል ሊሠራ ስለሚችል ፈጽሞ አትንኩት። በተጨማሪም አየር ላይ የተለቀቀ 1 ኪሎ አር 134ኤ ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን ሙቀት በምድር ላይ ያስከትላል።

ጋራዥ ስትገቡ የመጓጓዣ ሚኒስቴር ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። «ጋዝ ሙሉልኝ» ከማለት ይልቅ «መጀመሪያ የሚያፈሰው ቦታ ይፈለግ» በሉ። ማፍሰስ በዕብራይስጥ «ነዚላ» ስለሚባል ቃሉን ያዙት። ዋጋው ከሥራው በፊት በጽሑፍ ይሰጣችሁ፤ የተቀየረውን ዕቃ ተመልከቱ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ዕብራይስጥ ለሚከብዳቸው ወላጆች የሚያስረዳ ሰው አብሯቸው ቢሄድ ይጠቅማል።

በመጨረሻም መዝጋኑ እስኪሠራ ጠዋት ወይም ማታ ተጓዙ፤ ውሃ ያዙ። ቢሠራም ባይሠራም ሕፃን ልጅን ለአንድ ደቂቃ እንኳ መኪና ውስጥ ብቻውን አትተዉ። መዝጋን ቢዘገይ ይጠገናል፤ የሕፃን ነፍስ ግን አይመለስም።