መነጽር ከታደለ በኋላ

ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ዓይን የቅርቡን ማየት ይቸግረዋል። በጅማ አካባቢ፣ በአጋሮና በሊሙ፣ ጥቁሩንና ነቀዝ የበላውን የቡና ፍሬ ከጥሩው በእጅ ለሚለዩ ሴቶች ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በህንድ አሳም የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የቅርብ ማያ መነጽር የሥራ ውጤታቸውን ከ20 በመቶ በላይ እንዳሳደገው አሳይቷል። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን ተልከው ባሕር ተሻግረው በነጻ መነጽር የሚያድሉ በጎ ፈቃደኞች ሊመሰገኑ ይገባል።

እደላ ብቻውን ግን አይበቃም። «ከምንም ይሻላል» የሚሉ አሉ፤ ለቅርብ ማያ እውነታቸውን ነው። የሩቅ እይታ ችግር ግን ልኬት ይፈልጋል፤ የዓይን ሞራና ግላኮማም በመነጽር አይድኑም። መነጽር ይሰበራል፣ ልኩም ይለወጣል። እንግዶቹ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሐኪሞች ጋር ቢሠሩና የታካሚውን መዝገብ ለእነሱ ቢያስረክቡ፣ እርዳታቸው ከጉዟቸው በኋላም ይቀጥላል።