ካርማ የአርባ ቀን ዕድል አይደለም

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ካንትንና ቤንታምን በሥነ ምግባር ትምህርቱ ያገኛቸዋል። ቡድሃ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው በወሬ ነው፤ ወሬውም የተዛባ ነው።

በቡድሃ ትምህርት ያለው ካርማ የአርባ ቀን ዕድል ነው ይባላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የአርባ ቀን ዕድል ሰው አንዳች ሳይሠራ የሚጻፍለት ነው፤ ካርማ ግን ራሱ ሠርቶ የሚያመጣው። የሥራውም ክብደት የሚለካው በልቡ በያዘው ሐሳብ ነው፤ ሳያይ ጉንዳን የረገጠና ሆን ብሎ የረገጠ እኩል አይጠየቁም። በእስልምና ስለ ንያ፣ ማለትም በሥራ ጊዜ በልብ ስለሚያዝ ሐሳብ፣ እየሰማ ላደገ የደሴ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ካንትም በ1785 ባሳተመው መጽሐፉ የሚነሳው ከበጎ ፈቃድ ነው፤ እሱ ግን ፈቃዱን በአእምሮ ሕግ ያስረዋል። የቡድሃ ተከታይ አለመግደልን፣ አለመስረቅን፣ አለመዋሸትን፣ ከዝሙትና ከአስካሪ መጠጥ መራቅን በገዛ ፈቃዱ ቃል ገብቶ ይለማመዳል፤ የሚያዘው ፈጣሪ የለም። በጎነት በመደጋገም ይገኛል ለሚለው አርስቶትል ከካንት ይልቅ ይቀርባል።

ሌላው ወሬ፣ ይህ ሁሉ ለመነኩሴ እንጂ ሠርቶ ለሚያድር አይሆንም የሚለው ነው። ቡድሃ ሲጋላ ለሚባል መነኩሴ ላልሆነ ወጣት የሰጠው ምክር ለኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኛ ቢነበብለት የሚገርመው ይመስለኛል፦ አሠሪ ሥራን በአቅም ይስጥ፣ ምግብና ደመወዝ ይክፈል፣ ሠራተኛው ሲታመም ያስታምም፣ ዕረፍትም ይፍቀድ። ሠራተኛውም በበኩሉ ያልተሰጠውን አይውሰድ፣ ሥራውን አሳምሮ ይሥራ። ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ያለው ሰው አመክንዮ ያለው ፍጡር ስለሆነ ነው፤ የሲጋላ ምክር ግን የሚያየው ሁለቱን ሰዎች የሚያስተሳስረውን ግዴታ ነው። ጉድለቱንም መሸፈን አያስፈልግም፤ አሠሪው ግዴታውን ቢያፈርስ ሠራተኛው ወዴት አቤት ይበል? ምክሩ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ምዕራባውያኑ ስለ መብት የጻፉት ይበልጣል።

ቡድሃ ወደ እኛ አገር ደርሶ አያውቅም የሚሉም አሉ። ታሪኩስ ደርሷል። ከደሴ በስተ ሰሜን ያለውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በ1531 የያዘው ኢማም አህመድ በሚዋጋበት ዘመን፣ ከየመን መጥቶ ከእስልምና ወደ ክርስትና የገባው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ እንባቆም ለኢማሙ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፈ። ይኸው ሰው በ1553 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «በረላም ወይዋሰፍ» የተባለውን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ። ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ተከልሎ ያደገው የሕንድ ልዑል ይዋሰፍ፣ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው። ካንት የተወለደው ከዚያ 171 ዓመት ቆይቶ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያንም ይዋሰፍንና መምህሩን በረላምን ከቅዱሳን ቆጥራ ኅዳር ላይ ታስባቸው ነበር፤ የታሪኩ ምንጭ የቡድሃ ሕይወት መሆኑ በምሁራን ዘንድ የተረጋገጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

ከዚህ ተነስቶ ቡድሂዝም በግዕዝ ተሰብኳል ማለት ግን ሌላ ተረት መፍጠር ነው። በረላም ለልዑሉ የሚያስተምረው ወንጌልን ነው፤ ከቡድሃ ትምህርት ዳግም መወለድም፣ ቋሚ የሆነ «እኔ» የለም የሚለውም በመንገድ ላይ ቀርተዋል።