ፈቃድ ይዞ ሥራ መጠበቅ፦ የጀማሪ አብራሪዎች ጉዳይ

ከካርቱም በስተሰሜን፣ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ያለችው ባሕሪ ባቡር የደረሰላት በ1899 ማብቂያ ላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወንዙን የሚያሻግረው የባቡር ድልድይ ግን ተሠርቶ ያለቀው በ1909 ነው። በእነዚያ ዓመታት ከሩቅ በሐዲድ የመጣ መንገደኛ ካርቱምን ከማዶ እያየ በውሃ የሚያሻግረውን ይጠብቅ ነበር። የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት ዕጣም ይህንኑ ይመስላል።

ልጃቸውን ወይም ወንድማቸውን ለዚህ ሙያ የሚያስተምሩ የሠራዊት ቤተሰቦች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ይህን ማወቅ ይገባቸዋል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት፣ በታወቀ ትምህርት ቤት በተከታታይ ለሠለጠነ ደግሞ 150 ሰዓት ይበቃል። በአየር መንገድ አውሮፕላን አዛዥ ለመሆን የሚያበቃው ፈቃድ ግን 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ ለረዳት አብራሪም ቢሆን በመሠረቱ ይኸው መጠን ይጠየቃል። ቀጣሪው ልምድ ይሻል፤ ልምድ ደግሞ ያለ ሥራ አይገኝም። ችግሩ ይህ ነው።

በአገራችን ከሁሉ የተሻለው በር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ድርጅቱ በ1946 በረራ ሲጀምር አዛዦቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገድ አዛዥ የሆኑት በ1957 ሲሆን፣ የአብራሪዎች ማሠልጠኛው በ1964 ተቋቋመ። በአየር መንገዱ ተመርጦ የሠለጠነ ወጣት ለማገልገል ውል ይገባል፤ በአንጻሩም ሥልጠናውን ሲፈጽም ሥራው ይጠብቀዋል። የባሕር ዳር ልጅ የሆኑት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 የመጀመሪያዋ ሴት አዛዥ ለመሆን የበቁት በረዳት አብራሪነት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ወጣቱ በራሱ ወጪ ከመማሩ አስቀድሞ ይህን በር ማንኳኳት አለበት።

በግሉ የተማረ ሰው ሰዓት የሚያጠራቅመው በትንንሽ አውሮፕላኖች ነው። በቦትስዋና በምትገኘው ማውን ከተማ ጥቂት ሰዓት ያላቸው ወጣቶች ከድርጅት ድርጅት እየዞሩ ሥራ ይጠይቃሉ፤ ዕድል የቀናው ቱሪስቶችን በሴስና ወደ ኦካቫንጎ ያመላልሳል። በናይሮቢ ያለው የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያም የትንንሽ አውሮፕላኖች መናኸሪያ ነው። ይሁን እንጂ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለዜጎችም ቅድሚያ ይሰጣል። ከዚህም በላይ በአውሮፕላኑ አካል ላይ የተጻፈውን ምልክት ማስተዋል ይገባል። ኢቲ የኢትዮጵያ፣ ኤስቲ የሱዳን፣ 5ዋይ የኬንያ፣ ኤ2 የቦትስዋና ነው። ፈቃዱን መስጠት ወይም ማጽደቅ ያለበት አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር ነው። ስለሆነም በካርቱም የሱዳን ፈቃድ ያወጣ ሰው ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ተነሥቶ የከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ ከመጀመሪያው ቀን የውጊያ ቦታ በሆነ ጊዜ፣ ፈቃዱን በሌላ አገር ሳያጸድቅ የዚያን አገር አውሮፕላን ሊያበርር አይችልም ነበር።

ሌላው አደጋ ችኮላ ነው። ሰዓት የተጠማ ወጣት ጥገናው ያልተሟላ ወይም ከመጠን በላይ የተጫነ አውሮፕላን ቢሰጡት እምቢ ለማለት ይቸገራል። በኅዳር 2015 ከጁባ የተነሣ አንድ አንቶኖቭ የጭነት አውሮፕላን ሰዎችንም አሳፍሮ ነበርና፣ ወዲያው ወድቆ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2010 ጀምሮ በሱዳን ፈቃድ የሚሠሩ አየር መንገዶችን ሁሉ ከአየር ክልሉ አግዷል። በበረራ መዝገብ ላይ የሚጻፍ ሰዓት በሕይወት አይገዛም።

ለባለቤቶችና ለእናቶች የምንለው ይህ ነው። የትምህርቱን ክፍያ ብቻ አታስሉ፤ የመጠበቂያውንም ዘመን አስሉ። ዕድሜው ከ40 በታች የሆነ አብራሪ የሕክምና ምስክር ወረቀቱን በየ12 ወሩ ማሳደስ አለበት። መንገደኛ ለማሳፈርም ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ማረፍ ይጠበቅበታል፤ ሥራ የሌለው ሰው ይህን በኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ ቤት ሸጦ ማስተማር አይመከርም። ትምህርት ቤቱን «ካስመረቃችኋቸው ስንቶቹ ሥራ ያዙ? የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ እየጠበቀ በበረራ አስተማሪነት ወይም በአየር መንገድ የምድር ክፍል ቢሠራ ከሙያው አይርቅም፤ ለቤቱም እንጀራ ያመጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የመጀመሪያዎቹን 500 ሰዓታት በትዕግሥትና በጤና ያሳለፈ አብራሪ ከዚያ በኋላ የሚያንኳኳቸው በሮች ይበዙለታል።