አንበጣ ስንቁን የት ይይዛል?

ኦዳ ላይ ከአንድ የከብት ነጋዴ ጋር ሻይ እየጠጣን የ2020 (እ.ኤ.አ.) የአንበጣ ወረራ ወሬ ተነሣ። «እኛ ከብት ስንነዳ በየመንገዱ ውኃና ሣር እንፈልጋለን። ይህ ጣት የሚያህል ፍጥረት ቀኑን ሙሉ ሲበር ስንቁ ምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው የገበያ ጥያቄ ነው፤ መልሱ መንጋው የት ሊደርስ እንደሚችል ይነግረናልና። ያ ወረራ በኬንያ በ70፣ በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር።

አንበጣ ስንቁን የሚይዘው እንደ ነጋዴ ነው፤ ጥሬ ገንዘቡ በኪሱ፣ ሀብቱ በበረቱ። ጥሬ ገንዘቡ በደሙ የሚዘዋወረው ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳር ነው። ሲነሣ የሚበረው በዚህ ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲበር ግን ኪሱ ይሳሳል። ያኔ ከአንጎሉ ኋላ ያለች ትንሽ ዕጢ አዲፖካይኔቲክ ሆርሞን የተባለ መልእክተኛ ወደ ደሙ ትለቃለች። ቤት ደውሎ «ሁለት ወይፈን ሸጣችሁ በኤም-ፔሳ ላኩልኝ» እንደማለት ነው። እንደ እኛ ጉበት የሚሠራው የስብ አካሉ ያከማቸውን ስኳርና ስብ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ በረራው በአብዛኛው በስብ ነው። ስብ ደግሞ በግራም ከስኳር እጥፍ በላይ ጉልበት ይሰጣል። የዚህ ሆርሞን አወቃቀር የታወቀው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ 10 አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት ነው።

ለዚህ ነው መንጋው ነፋስ ሲያግዘው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው። ከሜጋ ሞያሌ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሜጋ የታየ መንጋ ማታ እኛ ዘንድ ሊያድር ይችላል። ሲያርፍ የወጪውን ይተካል፦ አንዱ አንበጣ በቀን 2 ግራም ገደማ፣ የራሱን ክብደት ያህል፣ ይበላል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሊኖር ይችላል። የሚበላው የእኛን ሣር ነው፤ ሣር ሲያልቅ ከብቱ ይከሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ስለዚህ የመንጋ ወሬ ስትሰሙ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስም ጠይቁ። አድልባችሁ ለመሸጥ ከሲታ ከብት ከመግዛታችሁ በፊት መኖ የት እንዳለ አረጋግጡ። መድኃኒት የተረጨበት ግጦሽ ላይ የእንስሳት ሐኪም ሳይፈቅድ አታሰማሩ። አንበጣው ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው፤ እኛም አስበን እንጠብቀው።