ኮንፊከር፦ በሦስት መንገድ የሚገባው ዎርም

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ራፋል የሚባሉት የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላኖች ከመሬት መነሣት አቅቷቸው ነበር። ሞተራቸው አልተበላሸም፤ ነዳጅም አልጎደላቸውም። በጊዜው እንደተዘገበው፣ የበረራ ዕቅድ የሚወርድበት የኮምፒውተር ኔትዎርክ በአንድ ዎርም ተይዞ ነበር። በዚያው ሰሞን በእንግሊዝ አገር፣ በሼፊልድ ከተማ ሆስፒታሎች 800 ያህል ኮምፒውተሮች በዚሁ ዎርም ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ተራው የማንቸስተር ከተማ ምክር ቤት ሆነና ምክር ቤቱ ለጥገናና ለተጓተተ ሥራ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጪ ወጣበት።

የዎርሙ ስም ኮንፊከር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በኖቬምበር 2008 ሲሆን፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዊንዶውስ የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮችን ያዘ። አንድ ዎርም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሻገር ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከኮንፊከር የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ዎርሞች አንድ አንዱን ብቻ የሚጠቀሙባቸውን መንገዶች እሱ አጣምሮ ይዟቸዋልና።

ዎርም ከቫይረስ በምን ይለያል?

በዕለት ተዕለት ንግግራችን ኮምፒውተር ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ሁሉ «ቫይረስ ገባበት» እንላለን። ባለሙያዎች ግን ይለዩታል። ቫይረስ በሌላ ፕሮግራም ወይም ፋይል ላይ ተለጥፎ የሚኖር ነው፤ ሰው ያንን ፋይል ካልከፈተው ሥራውን አይጀምርም። ዎርም በራሱ የቆመ ሙሉ ፕሮግራም ነው። ራሱን ይገለብጣል፣ ሌላ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ቅጂውን ያሻግራል፤ የተሻገረው ቅጂ ደግሞ ያንኑ ሥራ ይደግማል። የኮምፒውተሩ ባለቤት ቢሮውን ዘግቶ ቤቱ ተኝቶ እያለ እንኳ ማሽኑ እስከበራና ከኔትዎርክ እስከተገናኘ ድረስ ዎርሙ መሥራቱን አያቆምም።

አንደኛው መንገድ፦ ያልተደፈነ ቀዳዳ

ዊንዶውስ ውስጥ ፋይልና ፕሪንተር ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያጋራ አንድ አገልግሎት አለ። ይህ አገልግሎት ፖርት 445 በሚባለው መግቢያ በኩል ከሌሎች ማሽኖች የሚመጣ ጥያቄ ይቀበላል። ከሚቀበላቸው ነገሮች አንዱ የፎልደር አድራሻ ነው። አድራሻው ውስጥ «አንድ ደረጃ ወደ ላይ ውጣ» የሚል ምልክት ካለ፣ አገልግሎቱ አድራሻውን አስተካክሎ ያሳጥረዋል።

ስሕተቱ የነበረው እዚህ ላይ ነው። አድራሻው ሆን ተብሎ በተወሰነ መልኩ ተጣምሞ ከተላከ፣ ፕሮግራሙ ከተመደበለት የሚሞሪ ቦታ አልፎ ይጽፋል። እዚያው አጠገብ ደግሞ ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ሲጨርስ ወዴት መመለስ እንዳለበት የተመዘገበበት ቦታ አለ። አጥቂው በዚያ ቦታ ላይ የራሱን አድራሻ ከጻፈበት፣ ኮምፒውተሩ ወደ ሥራው የተመለሰ መስሎት የአጥቂውን ትእዛዝ መፈጸም ይጀምራል። ትእዛዙ የሚፈጸመውም በማሽኑ ውስጥ ባለው ከፍተኛ ሥልጣን ነው። የይለፍ ቃል አይጠየቅም፤ ማንም «እሺ» ብሎ አይጫንም።

ኮንፊከር ይህን ቀዳዳ ለማግኘት የአይፒ አድራሻዎችን በዘፈቀደ እያወጣ ፖርት 445ን ያንኳኳል። መልስ ካገኘ የተጣመመውን የፎልደር አድራሻ ይልካል። ቀዳዳው ካልተደፈነ፣ የተጠቃው ኮምፒውተር ራሱ ወደ አጥቂው ማሽን መልሶ ይደውልና የዎርሙን ሙሉ ቅጂ ያወርዳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እሱም ሌሎችን ማንኳኳት ይጀምራል።

ሁለተኛው መንገድ፦ ደካማ የይለፍ ቃል

በዲሴምበር 2008 መጨረሻ ሁለተኛው የኮንፊከር ዓይነት ብቅ አለ። ይህኛው ቀዳዳው የተደፈነበትንም ኮምፒውተር የሚደርስበት ዘዴ ይዞ መጣ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ በዚያው ኔትዎርክ ላይ ያሉትን የሌሎች ኮምፒውተሮች ተጠቃሚ ስሞች ይሰበስባል። ከዚያ ዘለላ ቁልፍ ይዞ በየቤቱ እንደሚዞር ሌባ፣ አብሮት የተሰናዳውን የይለፍ ቃል ዝርዝር አንድ በአንድ ይሞክራል። ዝርዝሩ ውስጥ ከ200 በላይ ቃላት ነበሩ፤ «123456»፣ «አድሚን»፣ «ፓስዎርድ» የመሳሰሉት፣ ሰው ለማስታወስ ብሎ የሚመርጣቸው ናቸው። አንዱ ከሠራ ዎርሙ ራሱን ወደዚያ ኮምፒውተር ይገለብጥና በተወሰነለት ሰዓት እንዲነሣ ቀጠሮ ያስይዛል።

በብዙ ቢሮዎች የዎርሙ መኖር የታወቀውም በዚሁ ሙከራ ነበር። ሠራተኞች ጠዋት ሲገቡ የገዛ ኮምፒውተራቸው ይዘጋባቸዋል፤ ዎርሙ በስማቸው ደጋግሞ ስለተሳሳተ ሲስተሙ መለያቸውን ቆልፎታል።

ዘዴው አዲስ አልነበረም። በኖቬምበር 2 ቀን 1988 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ የለቀቀው ዎርም፣ በሶፍትዌር ቀዳዳዎች ከመጠቀሙ በተጨማሪ የይለፍ ቃል ይገምት ነበር። የያኔው ኢንተርኔት 60,000 ያህል ማሽኖች ብቻ ሲኖሩት፣ 6,000 ያህሉ እንደተያዙ ተገምቷል። ከሃያ ዓመት በኋላም ያው የይለፍ ቃል ግመታ ሠራ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ፍላሽ

ይህኛው እኛን በቅርብ ይመለከተናል። አንድ መሥሪያ ቤት ጥሩ ፋየርዎል ካለው ከውጭ ወደ ፖርት 445 የሚመጣ ጥያቄ አያልፍም። ፍላሽ ግን በሠራተኛው ኪስ ውስጥ ሆኖ ፋየርዎሉን አልፎ ይገባል።

ኮንፊከር በተያዘ ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ሲሰካ ሁለት ነገር ይጽፍበታል። አንደኛው የዎርሙ ቅጂ ነው፤ የተጣሉ ፋይሎች ማጠራቀሚያ በሚመስል ስውር ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው አውቶራን የሚባለው ትንሽ ፋይል ነው፤ ፍላሹ ሲሰካ ምን እንደሚደረግ ለዊንዶውስ ይነግራል። ዎርሙ ይህን ፋይል ትርጉም በሌለው ፊደልና ቁጥር ይሞላዋል፤ አንቲቫይረስ ቢፈትሸው ትእዛዙን በቀላሉ ለይቶ እንዳያወጣ ነው።

ፍላሹ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ፣ ያኔ የነበረው ዊንዶውስ «ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ትንሽ መስኮት ያወጣል። የኮንፊከር ተንኮል የሚታየው እዚህ መስኮት ላይ ነው። ከምርጫዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢጫ የፎልደር ሥዕል አለ፤ ከጎኑ «ፋይሎቹን ለማየት ፎልደሩን ክፈት» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ዝቅ ብሎ በዚያው ሥዕልና በዚያው ጽሑፍ ሌላ ምርጫ አለ። የታችኛው እውነተኛው ሲሆን የላይኛው የዎርሙ ነው። ልዩነታቸውን የሚናገረው ከበላያቸው ያለው ርዕስ ብቻ ነው፤ የላይኛው «ፕሮግራም ጫን ወይም አስነሣ» በሚለው ሥር ነው ያለው። ሥራ የያዘ ሰው ርዕስ አያነብም፤ የለመደውን ቢጫ ፎልደር ይጫናል። ዎርሙም ይነሣል።

ማይክሮሶፍት በፌብሩዋሪ 2011 ባወጣው ማሻሻያ በቀደሙት ዊንዶውሶች ላይ ፍላሽ ሲሰካ የአውቶራን ትእዛዝ እንዳይሠራ አደረገ። ከዚያ በኋላ ይህ መንገድ በእጅጉ ጠበበ።

ከገባ በኋላ

ኮንፊከር ከገባ በኋላ የመጀመሪያ ጭንቀቱ እንዳይነቀል ነው። በዘፈቀደ የተመረጠ ስም ይዞ ከዊንዶውስ ፋይሎች መካከል ይቀመጥና ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር አብሮ የሚነሣ አገልግሎት ሆኖ ይመዘገባል። ኮምፒውተሩን ወደ ቀድሞ ይዞታው ለመመለስ የሚያገለግለውን መዝገብ ያጠፋል። የዊንዶውስ አፕዴትን ያቆማል። የማይክሮሶፍትንና የአንቲቫይረስ ድርጅቶችን ድረ ገጽ ለመክፈት የሚሞክር ሰው ገጹ እንዳይመጣለት ያደርጋል። የገባበትን ቀዳዳ ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ይሸፍነዋል፤ ሌላ ዎርም በዚያው መንገድ ገብቶ ማሽኑን እንዳይነጥቀው ነው።

ቀጥሎ ትእዛዝ ፍለጋ ይወጣል። ዎርሙ ትእዛዝ የሚቀበልበት አንድ ቋሚ አድራሻ ቢኖረው ኖሮ ያንን አድራሻ መዝጋት ብቻ ይበቃ ነበር። የኮንፊከር ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ዎርሙ የዕለቱን ቀን መነሻ አድርጎ በየቀኑ 250 አዳዲስ የድረ ገጽ ስሞችን እንዲያሰላ አደረጉት። ሠሪዎቹ ስሌቱን ስለሚያውቁ ከ250ው አንዱን ብቻ አስመዝግበው ትእዛዝ ማስቀመጥ ይችላሉ። የሚከላከለው ወገን ግን 250ውንም በየቀኑ መዝጋት አለበት።

መዝጋቱም ተጀመረ። የማይክሮሶፍት፣ የአንቲቫይረስ ድርጅቶች፣ የዩኒቨርሲቲዎችና የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው አይካን ባለሙያዎች የኮንፊከር የሥራ ቡድን በሚል ስም ተሰባሰቡ። ስሌቱን ፈትተው ስሞቹን ከሠሪዎቹ በፊት ያዟቸው። ማይክሮሶፍት ደግሞ በፌብሩዋሪ 2009 ሠሪዎቹን ለሚጠቁም 250,000 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ። ሠሪዎቹም ዝም አላሉም። ከኤፕሪል 1 ቀን 2009 ጀምሮ በቀን 50,000 ስሞችን አስልቶ ከእነዚያ 500ውን የሚሞክር አዲስ ዓይነት አሰራጩ። ስሞቹም ከ100 በላይ በሆኑ አገሮች መለያ የሚያበቁ ሆኑ። ቡድኑ የየአገሩን የስም መዝጋቢዎች ማነጋገር ግድ ሆነበት። ውድድር የለመዱ ድርጅቶችና ድንበር የሚለያቸው መዝጋቢዎች ለአንድ ዓላማ የቆሙበት ይህ ሥራ በኢንተርኔት ደኅንነት ታሪክ ውስጥ ሊወደስ ይገባዋል።

መድኃኒቱ ቀድሞ ነበር

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ መታወስ ያለበት አንድ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ኮንፊከር የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው በኦክቶበር 23 ቀን 2008፣ በእኛ ጥቅምት 13 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ዎርሙ የታየው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ማሻሻያውን የጫነ ሰው የአንደኛው መንገድ ተጠቂ አልሆነም።

ይህ የኮንፊከር ብቻ ታሪክ አይደለም። በጃንዋሪ 25 ቀን 2003 የተለቀቀው ስላመር የሚባለው ዎርም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተጋላጭ ከነበሩት ሰርቨሮች አብዛኛዎቹን ያዘ። መጠኑ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ በዚያ ቦታ በእኛ ፊደል ሁለት መስመር ያህል ቢጻፍ ነው። የገባበት ቀዳዳ መድፈኛ የወጣው ግን ከስድስት ወር በፊት ነበር። በሜይ 12 ቀን 2017 ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የሚባለው ዎርም ሲነሣ፣ እንደ ኮንፊከር በፖርት 445 በኩል ገባ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ዳግመኛ ተመቱ። የዚያኛው መድፈኛ የወጣው በማርች 14 ቀን ነው፤ ሁለት ወር ቀድሞ ማለት ነው። ለዓለም ታላላቅ ዎርሞች መንገድ የከፈተላቸው የሠሪዎቻቸው ብልሃት ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ እጃችን ላይ እያለ መቆየታችን ነው።

እኛስ?

በአገራችን ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት ይዞት ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ኮምፒውተር በቀን የብዙ ሰው ፍላሽ ይሰካበታል። የፎልደሮቹ ስም ወደ ሾርትከት ተለውጦ ያገኘ፣ ጽሑፉ የጠፋ መስሎት የተንቀጠቀጠ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ ነው፤ አፕዴት ካደረግሁት ይበላሽብኛል ተብሎ ይተዋል። ኢንተርኔት በሜጋባይት የሚከፍል ሰውም ጥቅሉን እንዳይጨርስበት አፕዴቱን ያጠፋዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ኪስን የሚነካ ነገር ነው። ነገር ግን የጠፋ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የተቆለፈ የክሊኒክ መዝገብ፣ የወደመ የሱቅ ሂሳብ ከዚያ ሜጋባይት በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ማድረግ የሚገባን ብዙም ከባድ አይደለም። ዊንዶውሱ አፕዴት ሲጠይቅ «በኋላ» አንበል፤ ዋይፋይ በነፃ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ እንጫነው። አምራቹ መደገፍ ያቆመውን አሮጌ ዊንዶውስ እንቀይር፤ መቀየር ካልቻልን ከኔትዎርክ እናውጣው። የቢሮ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ማንም የማይገምተው ይሁን። ሕዝብ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ የመጣን ፍላሽ ሳንፈትሽ አንክፈት። አስፈላጊ ፋይል ሁልጊዜ ሁለተኛ ቅጂ ይኑረው፤ ያም ቅጂ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቀመጥ።

ፎቶ ኮፒ ቤትና ኢንተርኔት ቤት ያላችሁ፣ የትምህርት ቤት ላብራቶሪ የምታስተዳድሩ፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር በኃላፊነት የያዛችሁ ሁሉ ደግሞ ልዩ አደራ አለባችሁ። የእናንተ አንድ ማሽን ከተያዘ በቀኑ የተሰካበት ፍላሽ ሁሉ ይያዛል፤ የእናንተ አንድ ማሽን ንጹሕ ከሆነ ግን ዎርሙ እዚያ ላይ ያበቃል። ዛሬ ሥራችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት አፕዴቱ መብራቱን አንድ ጊዜ ተመልከቱ።