ጅምር ሥራ ነውር አይደለም

ግማሹ የተጠለፈ የትራስ ልብስ፣ ጠርዙ የቀረ የሶፋ ዳንቴል፣ ወስፌው እንደተሰካበት የተቀመጠ ሰፌድ። የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው ቤት እነዚህ አይጠፉም። ስለ ጅምር ሥራ የሚባለው ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

አመለካከት 1፦ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላ መጀመር ስንፍና ነው።

እውነታው፦ ሥራው ራሱ የሚያስጠብቅበት ጊዜ አለ። ስፌት የምትሰፋ ሴት አክርማዋን የምትሰበስበው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ነክራ ያስቀመጠችው ቀይ አክርማ ካለቀባት ሰፌዱ ይቆያል፣ እጇ ግን ወደ ጥልፉ ይዞራል። በዘይት ቀለም የሚሥል ሠዓሊም አንዱ ሸራ እስኪደርቅ ሌላውን ይይዛል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሞና ሊዛን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1503 ገደማ ጀምሮ፣ ለዓመታት እየተመላለሰ ይሠራባት እንደነበር የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ። ይህን ሰው ሰነፍ የሚለው የለም።

አመለካከት 2፦ ብዙ በያዝኩ ቁጥር ብዙ እሠራለሁ።

እውነታው፦ ሥራ በተቀያየረ ቁጥር የት እንደደረሱ ለማስታወስ ጊዜ ይሄዳል። ዳንቴል ላይ ቆጠራው ከጠፋ ደግሞ ተርትሮ እንደገና መጀመር ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው። የሚያዋጣው ዓይነታቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ሥራ መያዝ ነው፤ ቆጠራ የሚፈልገውን ቤቱ ጸጥ ሲል፣ እጅ የለመደውን ቡና እየተጠጣ።

አመለካከት 3፦ ቢቀመጥ ምን ይሆናል?

እውነታው፦ ብዙ ነገር ይሆናል። የጥልፍ ጨርቁን የሚወጥረው ክብ እንጨት ሳይወልቅ ከተቀመጠ ጨርቁ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ክብ ምልክት ሊተው ይችላል። ኪሮሹ ከወጣ በኋላ የመጨረሻዋ ቀለበት ካልተያዘች ዳንቴሉ ይተረተራል፤ አንዲት መርፌ ቁልፍ ትበቃታለች። ቀለም የተነከረ አክርማ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደበዝዛል፣ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። ክርም አንድ ዓይነት ቀለም ተብሎ ቢሸጥ በየጊዜው የተነከረው ትንሽ ይለያያል፤ ስለዚህ የሚበቃውን ያህል ከመጀመሪያው መግዛት ነው። የኪሮሹን ቁጥርና የደረሱበትን ዙር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከሥራው ጋር ማስቀመጥ፣ ከወራት በኋላ ሲመለሱ ትልቅ እፎይታ ነው።

አመለካከት 4፦ የተጀመረ ሁሉ በጀመረው ሰው እጅ ማለቅ አለበት።

እውነታው፦ ዳንቴል ከተተረተረ ክሩ ለሌላ ሥራ ይሆናል፤ ልብ ያልወደደውን መተርተር ጥፋት አይደለም። በፍሎረንስ አካዴሚያ ሙዚየም ማይክል አንጄሎ ሳይጨርሳቸው የተዋቸው፣ ከድንጋዩ ገና በግማሽ የወጡ የእስረኞች ሐውልቶች አሉ፤ ሰው ከሩቅ አገር ሄዶ ያያቸዋል። አንዳንዱን ሥራ ደግሞ ሌላ እጅ ይጨርሰዋል። እናቴ ጀምራ ያስቀመጠችውን ሰፌድ የጨረስኩት እኔ ነኝ። የእሷ ዙሮች ጥብቅ ናቸው፣ የእኔ ላላ ይላሉ፤ እጅ የተቀየረበት ቦታ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል። እንጀራ ከምጣድ የማወጣው በዚያ ሰፌድ ነው።